የአባቴ ወይን ያለ መድኃኒት

ወንድሜ መድኃኒት ቤቴ የመጣው አንድ ሰኞ ጠዋት ነበር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ የምትገኝ ጠባብ መድኃኒት ቤት አለችኝ። እሱ ገበሬ ነው። ከይጁቤ ወዲያ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ ማዘቅዘቅ በሚጀምርበት አካባቢ ከአባትና ከእናታችን ጋር ይኖራል። ሌላ ጊዜ ሲመጣ እንቁላል ወይም ቅቤ ይዞ ነው። የዚያን ቀን ባዶ እጁን ገብቶ ሁለቱን ክንዶቹን ባንኮኒው ላይ ዘረጋልኝ። ቆዳው ከጣቶቹ እስከ ክርኑ ተልጧል። አንድ ዓይኑም ደም መስሏል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«የወይኑ መድኃኒት ነው እታለም። ስረጭ ነፋሱ መለሰብኝ። የሚቀባ ነገር ስጪኝና ልሂድ፣ መኪናው ጥሎኝ እንዳይሄድ።»

ቅባትም የዓይን ጠብታም ሰጠሁት። እንደ ልማዴ ምክርም ጨመርኩበት። ጓንት አድርግ፣ አፍህን ሸፍን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እይ አልኩት። እሱ አንገቱን እየነቀነቀ በሩን በሩን ያያል። በመጨረሻ «ለመሆኑ መድኃኒቱ ማን ይባላል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«እኔ እንጃ። ጠርሙሱ ላይ የነበረው ወረቀት ተልጧል። ቢጫ ነው።»

ደንበኞቼ «ያንን ቢጫውን ኪኒን ስጪኝ» ሲሉኝ የምቆጣ ሰው ነኝ። የገዛ ወንድሜ ቢጫ ነገር በጀርባው አዝሎ ወይናችን ላይ ሲረጭ እንደከረመ ስሰማማ ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ቅባቱን ኪሱ ከትቶ ወደ መኪናው ሮጠ።

ወይኑን የተከሉት አባቴ ናቸው። ቄስ ናቸው። ወጣት ሳሉ ከአንድ ገዳም ቁራጭ አምጥተው ከቤታችን በታች ባለው ተዳፋት ላይ ተከሉት። ያየው ሁሉ «ወይን በዚህ አገር?» ሲላቸው «አገሩን ወይና ደጋ ያሉት ታዲያ ምን ሊበቅልበት ነው?» ይሉ ነበር አሉ። ፍሬው ሰፌድ ላይ ደርቆ ዘቢብ ይሆናል። ዘቢቡን ዲያቆኑ በቤተ ልሔም ዘፍዝፎ ይጨምቀውና ለቅዳሴ ይገባል። የተረፈው ለአጎራባች አጥቢያዎች ይታደላል። እኛ ልጆቹ የምንቀምሰው ከዘለላው የረገፈውን ብቻ ነበር፤ ለዚህም ይመስለኛል ዘለላውን ደጋግመን ስንነቀንቅ ያደግነው።

በዚያ ሳምንት ስልኬን ከፍቼ ስለ ኦርጋኒክ እርሻ ማየት ጀመርኩ። የማላውቃቸው አገር ሰዎች በማላውቀው ቋንቋ ስለ አፈር ያወራሉ፤ እኔ ሥዕሉን አይቼ እረዳለሁ። ትል ያለበት አፈር ያሸታሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ ትልልቅ ዘለላ ወደ ፀሐይ ያነሳሉ። ሳምንቱ ሲያልቅ ባለሙያ ሆኜ አረፍኩት።

የሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተሰቡን ሰበሰብኩ። ሰበሰብኩ ስል ገበታ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው ለማለት ነው። ማንም ተነስቶ ሊሄድ የማይችልበትን ሰዓት መርጬ ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ ወይኑ ኦርጋኒክ ይሆናል» አልኩ።

«ምን ይሆናል?» አለች እናቴ።

«ያለ መድኃኒትና ያለ ዩሪያ ይበቅላል ማለት ነው። በፍግ ብቻ፣ በተፈጥሮ ብቻ።»

አባቴ የጎረሱትን ቀስ ብለው ዋጡና «ልጄ፣ ያለ መድኃኒት የዳነ ማን አለ?» አሉ።

የቄስ ልጅ ነኝና ሰሙን ስሰማ ወርቁን መፈለግ ነበረብኝ። መድኃኔ ዓለምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ግን ማታ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ነው። እዚያው ገበታው ላይ የተቃወሙኝ መስሎኝ ስለ ኬሚካል ጉዳት ረጅም ትምህርት ሰጠኋቸው። ወጡ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ያሸንፍልኛል ያልኩትን አወጣሁ።

«አባባ፣ ለሥጋ ወደሙ በሚቀርብ ፍሬ ላይ መርዝ ይረጫል?»

 አባቴ እጃቸውን ታጠቡ፣ በፎጣ አደረቁ፣ ከዚያም «ይሄስ እውነት ነው» አሉ። «እንግዲያው ይሁን።»

ወንድሜ የተላጠ ክንዱን እያየ «እኔም መርጨቱን ወድጄው አይደለም» አለ። «ግን እታለም፣ እንዳልሽው ካደረግን ሥራው ይበዛል። አንቺ ትመጪያለሽ?»

«በየሳምንቱ፣ ቅዳሜና እሑድ።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ስትስቅ እንደዚያ ነው የምታደርገው። «በሰንበት? አባትሽ ቆመው እያዩ በሰንበት አፈር ልትነኪ?»

ያደግሁበትን ቤት ሕግ ከተማ ገብቼ ረስቼዋለሁ። ስለዚህ መድኃኒት ቤቷን ለረዳቴ ትቼ ሐሙስ ሐሙስ መሄድ ጀመርኩ። ሐሙስም ቢሆን አንዳንዴ ሚካኤል ይሆናል፣ አንዳንዴ ማርያም፣ አንዳንዴ በዓለ እግዚአብሔር። እንዲህ ባለው ቀን ይጁቤ ድረስ ሄጄ፣ ከይጁቤ በእግሬ ወርጄ፣ እናቴ የሠራችውን በልቼ፣ ወይኑን ከአጥር ውጭ አይቼ እመለሳለሁ። ለደንበኞቼ ግን «እርሻ ላይ ነበርኩ» እላቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ሥራዬ ማጽዳት ነበር። ወንድሜን ዕቃ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አስወጣሁት። ወረቀት የሌለው ጠርሙስ፣ የዩሪያ ትራፊ፣ በከረጢት የተቋጠረ ቢጫ ዱቄት ወጣ።

«ይሄ እንኳ ድኝ ነው» አለ ወንድሜ ከረጢቱን እያሳየኝ። «ቅጠሉ ላይ ነጩ ነገር ሲወጣ ነው የምንነፋበት።»

«ቢጫ ነገር ሁሉ ይወገዳል» አልኩት።

ጠርሙሱን እንዴት እንደሚወገድ ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ ወደ ከተማ ወሰድኩት፤ በዚህ እንኳ አልታማም። ድኙን ግን ከአጥሩ ጥግ ጉድጓድ አስቆፍሬ በክብር ቀበርኩት።

ከዚያ የሚረጭ የራሴን ቅመም አዘጋጀሁ። በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የላም ሽንትና ሳሙና አንድ ላይ ዘፍዝፌ አከረምኩ። እናቴ ቀርባ አሸተተችና በርበሬውን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀችኝ። ከእሷ ማሰሮ ነበር። በሐሙሱ መርጫውን አዝዬ ወይኑ መካከል ገባሁ። ወንድሜ እንደ መከርኩት የገዛውን ጓንትና መሸፈኛ ይዞ መጣልኝ።

«አያስፈልግም» አልኩት። «ተፈጥሯዊ ነው። ብትጠጣውም አይገድልህም።»

ነፋሱ ከዓባይ በኩል ሽቅብ ይነፍስ ነበር። የመጀመሪያውን ረድፍ እንኳ አላጋመስኩም። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ወንድሜ እጄን ይዞ ሽቅብ እንደጎተተኝ፣ እናቴ ፊቴ ላይ ውሃ እንዳፈሰሰች ነው። ወንድሜ ያን ጊዜ የሰጠሁትን የዓይን ጠብታ ከመደርደሪያ አውርዶ አንጠባጠበልኝ። የተከፈተ ጠብታ ወር ካለፈው ይጣል እያልኩ ለደንበኛ ሁሉ የምናገር ሰው፣ የስንት ጊዜ እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ዓይኔን ከፈትኩ።

ፍጉም ቢሆን ቀላል አልነበረም። ከጓሮ ጉድጓድ አስቆፍሬ እበት፣ ገለባና የወጥ ቤት ትራፊ ሞላሁበትና በላስቲክ ሸፈንኩት። ስልኬ ላይ እንዳየሁት በየጊዜው መገልበጥ አለበት። ስለዚህ አንድ ሐሙስ ከፍቼ መገልበጥ ጀመርኩ። የዚያን ቀን አባቴ የጽዋ ማኅበር ተረኛ መሆናቸውን አልነገሩኝም፤ ወይም ነግረውኝ አልሰማሁም። ቀሳውስቱና ማኅበርተኞቹ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ሽታው በጓሮ በር ገባ። አንድ ሽማግሌ ቄስ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው «እዚህ ቤት ምን ሞቶ ነው?» ሲሉ ከውጭ ሰማኋቸው።

«የሞተ የለም» አሉ አባቴ። «ልጄ የሠራችው ፍግ ነው። ተምራ መጥታ ነው።»

ሳቁ እስከ ጓሮ ደረሰ። አባቴ ግን አልሳቁም። ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረበት፤ ያ ነው የባሰው።

ነጩ ነገር የታየው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ዘለላው ገና እንደ ምስር ደቃቅ ሳለ ነው። ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። ወንድሜ ሲያሳየኝ አመድ ነው፣ ነፋስ አምጥቶት ነው አልኩት። በሳምንቱ ፍሬውንም ያዘው። የበርበሬ ውሃዬን ረጨሁበት፤ አልሰማኝም። ወተት በውሃ በጥብጬ ረጨሁበት፤ እናቴ ለጥጃው ያዘጋጀችው ወተት ነበር። ፍሬዎቹ ሲያድጉ ቆዳቸው እየተሰነጠቀ መበስበስ ጀመሩ። በየካቲት ለቀማው ሲደርስ ሰፌዱን እንኳ የሚሸፍን አላገኘንም።

አንድ ቀን አባቴ ስልክ ደወሉ። ስልክ ሲደውሉ ቃል አያባክኑም። «ልጄ፣ በሐሙስ ስትመጪ ዘቢብ ከሱቅ ያዥልኝ። ለቅዳሴ የሚሆን የለንም።»

ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። በላስቲክ የታሸገ፣ ላዩ ላይ የባዕድ አገር ጽሑፍ ያለበት ነበር። ሳቀብላቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ ከፍተው አሸተቱት፣ አንድ ፍሬ ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩ። «ንጹሕ ነው፣ ይሆናል» አሉና ይዘውት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። ወንድሜ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ያን ቀን አፌን ብከፍት ሊጮህብኝ ይገባ ነበር፤ አልከፈትኩም፣ እሱም አልጮኸም። በሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ሴት ዶሮ ይዛ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። «ምነው ታለቅሻለሽ?» ስትለኝ ዶሮዋ አለርጂ አስነሳችብኝ አልኳት።

ከዚያ በኋላ ነው ቁም ነገረኛ መጽሐፍ ፈልጌ ማንበብ የጀመርኩት። በአማርኛ የተጻፈ፣ ሥዕል የሌለው፣ አሰልቺ መጽሐፍ ነው። ስለ ወይን በሚናገረው ክፍል ነጩ ነገር ሻጋታ መሆኑን ይገልጽና በኦርጋኒክ እርሻ የተፈቀዱ መከላከያዎችን ይዘረዝራል። መጀመሪያ የተጻፈው ድኝ ነው። መጽሐፉን ዘጋሁት። እንደገና ከፈትኩት። አሁንም ድኝ ነው።

ለወንድሜ ነገርኩት። ከዚያ ሳቁ መጣበት፤ ሆዱን ይዞ የአጥሩ ድንጋይ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ። እኔም ሌላ ምን አደርጋለሁ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ሳቅኩ። የቀበርነውን ስንቆፍረው ዝናብ ገብቶበት እንደ ኖራ ድንጋይ ጠጥሮ አገኘነው። አዲስ ገዛን። በዚህኛው ጊዜ ጓንት አድርጌ፣ አፌን ሸፍኜ፣ ነፋሱን አይቼ ከእሱ ጋር ነፋሁ። እሱም ሐረጎቹ መካከል አየር እንዲገባ ብዙ ቅርንጫፍ ቆረጠ። የፍጉን ጉድጓድ ወደ ተዳፋቱ ግርጌ ወሰድኩት፤ ፍጉም ያለ እኔ መገልበጥ ቀስ እያለ ጠቆረና መሽተት አቆመ።

ሁለተኛው ክረምት ሲገባ ወይኑ አምሮበት ነበር። ቅጠሉ ሰፊ፣ ጥቁር አረንጓዴ። ለደንበኞቼ ፎቶ ማሳየት ጀመርኩ። ሳል ይዞት የመጣ ሰው ሽሮፑን ከማግኘቱ በፊት የወይኔን ቅጠል አይቶ ማድነቅ ነበረበት።

ፍልሰታ ሲፈታ ሄድኩና ከላይ ከመንገዱ ሆኜ ቁልቁል ሳይ ወይኑ ልክ አልመሰለኝም። ቀረብ አልኩ። በምሥራቅ በኩል፣ ከጎረቤታችን የጤፍ ማሳ ጋር በሚያዋስነን አጥር በኩል ያሉት ቅጠሎች ሁሉ ተጨማደዋል። ጠርዛቸው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጥቋል። ለጋው ጫፍ እንደ አሳማ ጅራት ተጠምዟል።

«ወይኔ» አልኩ።

«ያንቺ ሆነ ደግሞ?» አለ ወንድሜ ከኋላዬ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው፤ እሱም ግን ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

በሽታ መለየት ሙያዬ ነው ብዬ አምናለሁ። ቅጠሉን ገለበጥኩ፣ ግንዱን ጫርኩ፣ ስልኬ ላይ ካየሁት ጋር አስተያየሁ። ቫይረስ ነው ብዬ ፈረድኩ። ቫይረስ ደግሞ መድኃኒት የለውም፤ ወደ ጤነኛው ሳይጋባ የታመመውን ነቅሎ ማቃጠል ነው። ወንድሜ ትንሽ እንቆይ ቢለኝ ጤና ሙያ የማን ነው አልኩት። ዶማ አምጥቼ ሦስት ግንድ ነቀልኩ። አንደኛው አባቴ ከገዳሙ ካመጡት የመጀመሪያዎቹ መካከል ነበር። ሥሩ ሊለቀኝ አልቻለም፤ እኔም ልለቀው አልቻልኩም።

አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ወረዱ። የተነቀለውን ግንድ ቆመው አዩት።

«እነዚህ ሞተው ነው?»

«ሊሞቱ ነው አባባ። ወደ ሌሎቹም ይጋባል።»

«እኔም ልሞት ነው፤ እስካሁን ግን አልነቀላችሁኝም» አሉ።

ዶማውን አስቀመጥኩ። እናቴም ከላይ ሆና ቲማቲሟ ምን እንደነካው ሰው እንዲያይላት ትጣራ ነበር። ሄድን። ቲማቲሙም ተጨማዷል። ከጎኑ ያለው ባቄላም እንዲሁ። ቫይረስ ወይንን፣ ቲማቲምንና ባቄላን በአንድ ሳምንት እኩል እንደማይይዝ እኔም አላጣሁትም። ሁላችንም ቀስ ብለን ወደ አጥሩ ዞርን። ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤታችን ጤፍ ለምልሞ ይወዛወዛል። አንድ አረም የለበትም።

«ቱፎርዲ ረጭተውበታል» አለ ወንድሜ። ገበሬው ሁሉ የሚያውቀው የአረም መድኃኒት ነው። ጤፉን ትቶ ቅጠለ ሰፊውን ይገድላል። ወይን ደግሞ ቅጠለ ሰፊ ነው። ነፋስ ይዞት ቢመጣ ጠረኑ ብቻ ይበቃዋል። ይሄ ሁሉ በዚያው አሰልቺ መጽሐፍ ውስጥ ነበር፤ እዚያ ገጽ ሳልደርስ ፎቶ ማሳየት ጀምሬ ነው።

ጎረቤታችን የአባቴ የንስሐ ልጅ ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ለዛቸው የማይጠገብ ሰው። በነጋታው አባቴን አስቀድመን ሄድን። መንገዱን ሁሉ ንግግሬን በልቤ ሳዘጋጅ ነበር። ባለቤታቸው ጠላ ቀዱልን፣ እኔም ጀመርኩ። ስለ አፈር፣ ስለ ንብ፣ ስለ ካንሰር ተናገርኩ። እሳቸው ጽዋቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። በዚያ አካባቢ ሁሉም ሰው ዶክተር ይለኛል። አለመሆኔን ተናግሬ አላውቅም፤ ስሙ አይከብደኝም።

«ዶክተር» አሉ ሳበቃ፣ «ወይናችሁን ነክቼ ከሆነ በድያለሁ፤ ይቅር በሉኝ። ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን መሆኑን አውቃለሁ። ግን ቱፎርዲውን ብተወው አረሙን ማን ይነቅለዋል? እኔ ወገቤን አልችልም። እሷ ጉልበቷን ያማታል።»

«በእጅ ማረም ይቻላል» አልኩ።

«ሰው ማረሙንስ ታውቂበታለሽ» አሉ በጣም በትሕትና። «ጤፍ ማረምስ?»

አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እንዲህ ያለ ቅኔ ሲነገር እየሰሙ አለመሳቅ ለእሳቸው ጾም ከማፍረስ ይከብዳል። እኔ ግን ጆሮዬ ሁሉ ጋለ፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ ሆኜ «እኔ አርምልዎታለሁ» አልኩ።

«አንቺ?»

«አዎ። ከአጥራችን አንስቶ እስከ ዋንዛዋ ያለውን። እርስዎ በዚያ በኩል ላይረጩ፣ እኔ ላርም።»

«አባ እዚህ ናቸው» አሉ ወደ አባቴ እያዩ። «ቃል ነው?»

«ቃል ነው» አሉ አባቴ ስለ እኔ።

ዋንዛዋ ከቤታቸው ስትታይ ቅርብ ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ላይ ማሳው ውስጥ ቆሜ ሳያት ሌላ ወረዳ ያለች መሰለኝ። በጎማ ጫማና በጃንጥላ ነበር የመጣሁት። ጃንጥላ ይዞ ማረም እንደማይቻል ለመረዳት ብዙ አልፈጀብኝም። ጭቃው የጎማ ጫማዬን አንዱን ዋጠው። በጉልበቴ ተንበርክኬ ያየሁትን አረንጓዴ ሁሉ እየነቀልኩ ወደፊት ሄድኩ። የጎረቤታችን ባለቤት እያነከሱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። የነቀልኩትን ክምር ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩ።

«ዶክተር፣ ይሄን ተይው። እሱ ጤፍ ነው።»

ከዚያ በኋላ ጎን ለጎን ሠራን። እሳቸው ተቀምጠው እየተንፏቀቁ ያርማሉ፤ እኔ ተንበርክኬ እከተላለሁ፤ ቀደሙኝ። ትንሽ ቆይተው ወደ እኔ ሳያዩ ማውራት ጀመሩ።

«እኔኮ መርጫውን ውሃ እየቀዳሁ ስሞላላቸው ነው የኖርኩት። ሽታው ራሴን ያዞረኛል። በረጩበት ቀን እህል አይበላኝም።»

«ለምን አልነገሯቸውም?»

«ነግሬ ምን ላመጣ ልጄ? ወንዱ ልጄ ባሕር ዳር ነው። ሴቲቱ አዲስ አበባ ናት። ድሮ ሁላችንም ወጥተን እየዘፈንን ነበር የምናርም። አሁን ማን አለ? አንቺም ይኸው ደብረ ማርቆስ ነሽ።»

 ጎንበስ ብዬ በጉልበት አንዱን ነቀልኩ። እሱም ጤፍ ነበር። አይተው ዝም አሉኝ።

ከሰዓት ወንድሜ የሰበሰበው ደቦ መጣ፤ ዘመድም ጎረቤትም፣ በፍጌ ሽታ የሳቁት ማኅበርተኞችም ሳይቀሩ። እናቴ ንፍሮና ጠላ ይዛ ወረደች። አባቴ ማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የጣልኩትን ጃንጥላ ዘርግተው ዳዊት ደገሙ። ሰዎቹ መስመር ይዘው ሲገቡ እኔ መካከል ገባሁና ወዲያው ጥለውኝ ሄዱ። ከኋላዬ የተውኩትን አረም አንዲት ሴት እየተከተለች ትለቅምልኝ ነበር። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ዋንዛዋ ጥላ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ጎረቤታችን ለሁሉም በየተራ ሲቀዱ ቆይተው እኔ ጋ ሲደርሱ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ወገቤ አልቀና ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ነው ደንበኛ ያስተናገድኩት።

በዚያ ዓመት ቅጠሉ አልተጨማደደም። ድኙን በጊዜው ነፋን። በየካቲት ስንለቅም ዘለላው ከድሮው አነስ ያለ፣ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ያለበት ነበር፤ ሰፌዶቹ ግን ሞሉ። በዘቢቡ መጀመሪያ የተቀደሰበት ዕለት እኔም ሄድኩ። ቅዳሴው ሲያልቅ ቤተ ልሔም የሚያገለግለውን ዲያቆን ለብቻው አግኝቼ ዘቢቡ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ጣዕሙ ተለየ፣ መዓዛው ተለየ እንዲለኝ ጠብቄ ነበር። ትንሽ አሰበና «ደህና ነው፣ እንደ ድሮው ነው» አለኝ። ልዩነት አልነበረውም ወይ ብዬ ደገምኩለት። «ኧረ የለውም» አለ፤ ቅሬታ ያለኝ መስሎት ሊያረጋጋኝ ነበር።

አባቴ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። እንደ ድሮው መሆኑ ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነው።

ጎረቤታችን በዚያ ሰሞን ወደ ቤታችን መጥተው ሲጫወቱ ቆዩና ሊሄዱ ሲነሱ፣ ከተቆረጠው ሐረግ ጥቂት ቁራጭ እንድንሰጣቸው ጠየቁ። በአጥሩ በኩል፣ እኔ ባረምኩት ዳር ሊተክሉት ነው። ወይን ካለባቸው እዚያ በኩል መርጨት ለራሳቸውም አይሆንላቸውም። ወንድሜ መርጦ ቆረጠላቸው። እኔም አብሬ ሄጄ አተካከሉን አስረዳኋቸው፤ የቁራጩን ርዝመት፣ የጉድጓዱን ጥልቀት፣ የፍጉን መጠን። እሳቸው እንደገና እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ፤ ተከሉም። እኔ ደግሞ በነቀልኳቸው ሦስት ግንዶች ቦታ የራሴን ሦስት ቁራጭ ተከልኩ፣ ውሃም ሐሙስ ሐሙስ አጠጣሁ።

የእሳቸው ማቆጥቆጥ ሲጀምር የእኔ እንጨት ሆነው ቀሩ። ወንድሜ አንዱን ነቅሎ አየው፣ አገላበጠው፣ ከዚያ በእጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ሦስቱንም ዘቅዝቄ ነበር የተከልኳቸው። የእኛ ሐረግ የሚቆረጥበት ጊዜ አልፎ ስለነበር፣ ከወሰዱት ተርፎ እርጥብ አፈር ውስጥ ያቆዩትን ቁራጭ ፍለጋ ወደ ጎረቤታችን አጥር ሄድኩ። ባለቤታቸው ደጅ ተቀምጠው ነበር፤ ምን እንደፈለግሁ ስነግራቸው ቢላዋ ይዘው ተነሱ።

«የትኛው ወገን ወደ ላይ እንደሆነ ክር ልሰርልሽ?» አሉኝ።

«ይሰሩልኝ» አልኳቸው።

ቀይ ክር አሰሩልኝ።